የሪዩ ሃዶከን፦ መቼ፣ ከየት፣ በየትኛው ፍጥነት

ጥያቄ፦ «በስትሪት ፋይተር 6 የድብድብ ጨዋታ ሪዩ የሚባለውን ተፋላሚ ነው የምጫወተው፤ በክላሲክ ኮንትሮል፣ በተራ የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ። ጎልድ ደረጃ ከደረስኩ በኋላ አንድ እርምጃ ወደፊት አቃተኝ። ሃዶከን (የሪዩን የኃይል ኳስ) ስለቅ ወይ ዘለው መጥተው በኮምቦ ይጨርሱኛል፣ ወይ በድራይቭ ኢምፓክት (ምት ተሸክሞ በሚያልፈው ከባድ ጥቃት) ሰንጥቀውት ይገባሉ። ካልለቀቅኩ ደግሞ ሪዩ ባዶ እጁን ነው። ከተራ ውርወራ ከፍ ያለ የሃዶከን ቴክኒክ ካለ በዝርዝር አስረዱኝ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ የገለጽካቸው ሁለቱ ቅጣቶች ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው፣ መድኃኒታቸውም እንደዚያው። ዘሎ የሚመታህ ሰው ጊዜህን ቆጥሮብሃል። በድራይቭ ኢምፓክት የሚገባው ቦታህን አይቶብሃል። ይህን ለመለየት ትንሽ የመደመር ሥራ ያስፈልጋል፤ አሰልቺ ቢመስልም ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ታገሰኝ።

ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል። ላይት ሃዶከን (በቀላሉ ፓንች የሚለቀቀው) ከሪዩ እጅ የሚወጣው በ16ኛው ፍሬም ነው፤ ሚዲየሙ (የመካከለኛው ፓንች) በ14ኛው፣ ሄቪው (የከባዱ ፓንች) በ12ኛው። ኳሱ ከወጣ በኋላም ሪዩ እጁን እንደዘረጋ ይቆያል። ከመነሻው እስከ መመለሻው ድምሩ ወደ 47 ፍሬም ይጠጋል፤ ከሰከንድ ሦስት አራተኛ ይበልጣል ማለት ነው። የጨዋታው ሠሪ ካፕኮም በየዝመናው አንድ ሁለት ፍሬም ወዲያ ወዲህ ስለሚያደርግ፣ አሁን ያለውን ልክ ትሬይኒንግ ሞድ ውስጥ ባለው የፍሬም መለኪያ አረጋግጥ። በዚህ ጊዜ ሁሉ መከላከልም መምታትም አትችልም።

አሁን የተጋጣሚህን ዝላይ ተመልከት። ከመሬት ለመነሳት 4 ፍሬም፣ አየር ላይ 38፣ ሲያርፍ 3፤ በጠቅላላ 45። የዝላይ ምቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኝህ ሊያርፍ ሲቃረብ ነው፤ ቁልፉን ከነካ 35 ፍሬም ገደማ በኋላ በለው። ሰው አንድ ነገር አይቶ ጣቱ እስኪታዘዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ፍሬም ይፈጅበታል። መካከሉን ይዘን 18 እንበል። 18 ሲደመር 35፣ 53 ይመጣል። አንተ በ47 ተመልሰሃል፤ 6 ፍሬም ተርፎሃል። ላይት ሾርዩከን (ሪዩ ወደ ላይ እየዘለለ የሚመታው ቡጢ) በ5 ፍሬም ይመታል። እንግዲህ ሃዶከንህን አይቶ የዘለለ ሰው ቅጣት ሊቀበል እንጂ ሊቀጣ አልመጣም። ኮምቦ የሚያሳርፍብህ ገና እጅህ ሳይንቀሳቀስ፣ ገምቶ የዘለለው ነው። ግምቱን ያቀበልከውም አንተ ነህ።

ድራይቭ ኢምፓክት ግን ሌላ ሒሳብ አለው። መነሻው 26 ፍሬም ነው፤ 18 ሲደመር 26፣ 44። አንተ እስከ 47 ታስረሃል። ስለዚህ ኢምፓክቱ በሚደርስበት ርቀት ላይ ከቆምክ፣ ምንም ሳይገምት፣ አይቶ ብቻ ሊቀጣህ ይችላል። ጠባብ ነው፤ ግን ይሆናል፤ ከፕላቲነም በላይ ደግሞ በየጨዋታው ይሆናል። መደምደሚያው ግልጽ ነው፦ ለዝላይ መልሱ ጊዜህን መለዋወጥ፣ ለኢምፓክት መልሱ ርቀትህን መጠበቅ።

ጊዜን ስለማፍረስ

በቅርብ የተሸነፍክባቸውን አምስት ጨዋታዎች ሪፕሌይ ክፈትና ሃዶከን የለቀቅክበትን ቅጽበት ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ከመልቀቅህ በፊት ምን አድርገህ እንደነበርም ከጎኑ። ብዙ ጊዜ የሚወጡት ሦስት ልማዶች ናቸው፦ ዙሩ እንደተጀመረ ወዲያው፣ ወደ ኋላ ዳሽ እንዳደረግክ ወዲያው፣ የመጀመሪያው ሃዶከን ከስክሪኑ እንደጠፋ ወዲያው። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሪዩ አንድ ኳስ ስክሪን ላይ እያለ ሁለተኛ መልቀቅ አይችልም። ይህን ሕግ ተጋጣሚህም ያውቀዋል። ኳሱ ሲፈነዳበት «አሁን ሌላ ይመጣል» ብሎ ይዘላል፤ አንተም አላሳፈርከውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ከፍ ያለ ቴክኒክ አለመልቀቅ ነው። ሁለት ሃዶከን ተከታትለህ ከለቀቅክ፣ በሦስተኛው ተራ ቁጢጥ ብለህ ወደ ኋላ እየተከላከልክ ወደ አየር ብቻ ተመልከት። ግማሽ ሰከንድ ያህል ጠብቅ፤ ከዘለለ ላይት ሾርዩከን፣ ካልዘለለ አንድ እርምጃ ወደፊት ገብተህ ያኔ ልቀቅ። ቆጥሮ የሚዘል ሰው ሦስተኛውን መጠበቅ ይወዳል። አንድ ጊዜ ሾርዩከን ከቀመሰ በኋላ መሬት ላይ ይተከላል፤ የተተከለ ሰው ላይ ደግሞ ሃዶከን እንደልብ ነው። ከዚያ ቅደም ተከተሉን አገላብጠው፦ አንድ ለቀህ ጠብቅ፣ ሌላ ጊዜ ሦስት አከታትል። አንድ ዓይነት ሥርዓት ሁለት ዙር ሙሉ አትደጋግም።

ድሮ በ1994ቱ ሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ተርቦ ሪዩ የማስመሰያ ሃዶከን ነበረው፤ እጁን ዘርግቶ ምንም አይወጣም ነበር። በስድስተኛው ያ ስለሌለ ምትኩን ራስህ መሥራት አለብህ። የሚሻለው ቁጢጥ ብሎ ላይት ፓንች አየር ላይ መምታት ነው። የክንዱ እንቅስቃሴ የተጋጣሚህን ጣት ለመቀስቀስ ይበቃል፤ በፍጥነትም ትመለሳለህ። ሃዶከን ጠብቆ የዘለለውን በሾርዩከን ትቀበለዋለህ፤ ኢምፓክት የለቀቀውን በራስህ ኢምፓክት ትመልሰዋለህ። የኋለኛው በተለይ ዙር የሚጨርስ ጉዳት ስላለው፣ ኢምፓክት የሚያበዛ ሰው ሲገጥምህ ይህን ማስመሰያ ከሃዶከኑ እኩል ተጠቀምበት።

ሦስቱ ፍጥነቶች ሦስት ዕቃ ናቸው

ጎልድ ላይ አብዛኛው የሪዩ ተጫዋች ጣቱ የለመደውን አንዱን ፓንች ብቻ ይጫናል። ይህ ትልቅ ብክነት ነው።

ላይት ሃዶከን ቀርፋፋ ነው፤ ጥቅሙም ቀርፋፋነቱ ነው። ከሩቅ ስትለቀው አንተ ተመልሰህ እግርህ ነፃ ሲሆን ኳሱ ገና መንገድ ላይ ነው። ያኔ ከኋላው ተከትለህ ትራመዳለህ። ከመንጋ ኋላ እንደሚሄድ እረኛ አስበው፤ ኳሱ ይነዳልሃል፣ አንተ የሚሸሸውን ትይዛለህ። ተጋጣሚህ ባለበት ቀጥ ብሎ ከዘለለ ሲያርፍ እግሩን በቁጢጥ ሚዲየም ኪክ ትመታለህ። ወደፊት ከዘለለ ነፃ ስለሆንክ ሾርዩከን አለ። ከተከላከለ ርቀቱን ቀንሰሃል፣ ከድራይቭ ጌጁም (ኢምፓክትና መሰሎቹ ከሚከፈሉበት ባለ ስድስት ክፍል መለኪያ) ትንሽ ተቀንሶበታል። ላይት ሃዶከን ለቀህ ባለህበት ከቆምክ ግን ግማሹን ጥቅም ጥለኸዋል፤ ቀርፋፋ ኳስ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ሁለተኛ እንዳትለቅ ራስህን ነው ያሰርከው።

ሄቪው ፈጣን ነው፤ ሥራውም መምታት ነው። የሚለቀቀው ተጋጣሚህ ወደፊት ሲራመድ፣ በሩቅ ባዶ ምት ሲሰነዝር፣ ወይም እሱም በበኩሉ እንደ ዴንጂን (ኋላ የማስረዳህ የሪዩ ክምችት) ያለ ኃይል ለማከማቸት ሲነሳ ነው። ከላይት በኋላ ድንገት ሄቪ ሲመጣ ዝላዩን ወይም ፓሪውን (ምት ተቀብሎ የሚያከሽፈውን መከላከያ) በላይቱ ፍጥነት ያስተካከለ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ላይት፣ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ሄቪ፤ ይህ ቀላል ቅንብር ብዙ ሰው ያስከፍላል። ሚዲየሙ ከሁለቱ መካከል ስለሆነ ብዙ የምለው የለኝም፤ የለመደህን ዓይን ለማሳሳት በአሥር አንዴ ጣል አድርገው።

ኦቨርድራይቭ ሃዶከን፣ በሁለት ፓንች የሚለቀቀው፣ ከስድስቱ የድራይቭ ክፍሎች ሁለቱን ይበላል። ሁለት ምት አለው፤ ከተመታ ይጥላል። የተጋጣሚህን ነጠላ ኳስ አጥፍቶ በቀሪው ምት ይቀጥላል። ለኢምፓክት መልስ ይሆነኛል ብለህ እንዳትታለል፤ ኢምፓክት ሁለት ምት ተሸክሞ ያልፋል፣ ሁለቱንም ይውጣቸዋል። የኢምፓክትን ጋሻ ለመስበር ሦስተኛ ምት ወይም ሱፐር (የራሱ መለኪያ ሲሞላ የሚለቀቅ ልዩ ጥቃት) ያስፈልጋል። ሺንኩ ሃዶከን፣ የመጀመሪያ ደረጃው ሱፐር፣ ሥራው አንዱ ይኸው ነው።

ርቀቱን በወለሉ መስመር ለካ

በግምት «ሩቅ ነኝ» ማለት አይበቃም። ትሬይኒንግ ሞድ ግባ፤ ወለሉ በመስመር የተከፋፈለውን መድረክ ምረጥ። ማሰልጠኛው ገጸ ባሕርይ ኢምፓክት ብቻ እየደጋገመ እንዲለቅ ቅረጸው። አንተ ቆመህ እየተከላከልክ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ሽሽ፤ ምቱ የሚስትበት የመጀመሪያው ቦታ ድንበርህ ነው። በመካከላችሁ ስንት መስመር እንዳለ ቁጠርና ያዝ። ከዚያ ድንበር ውስጥ፣ ተጋጣሚህ ቢያንስ አንድ የድራይቭ ክፍል እያለው፣ እርቃኑን የተለቀቀ ሃዶከን ቁማር ነው።

ከድንበሩ አንድ እርምጃ ወጣ ያለው ቦታ የሪዩ ምርጥ ቦታ ነው። እዚያ ኢምፓክት አይደርስም፤ ወደፊት የዘለለ ሰው የሚያርፈው ሾርዩከንህ በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ነው፤ ሄቪ ሃዶከን ደግሞ ከታየ በኋላ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ጨዋታውን በሙሉ ወደዚህ ቦታ ለመመለስ ተጫወት። ሲቀርብህ በቁጢጥ ሚዲየም ኪክና በእርምጃ መልሰው፣ ሲሸሽ ላይት ለቀህ ተከተለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ተጋጣሚህ ሦስቱን የሱፐር ክፍል ከሞላ ይህ ቦታ ደህና መሆኑ ይቀራል። የሦስተኛ ደረጃ ሱፐሮች ሲነሱ ምንም አይነካቸውም፤ ሩቅ የሚሄዱት ሃዶከኑን አልፈው ይመጡብሃል። ያኔ ወይ ወደ ሙሉ ስክሪን ራቅ፣ ወይ ሃዶከኑን ቀንሰህ በእግር ተጫወት።

ቅርብ ላይ ስላለው ሃዶከን፦ ቁጢጥ ሚዲየም ኪክ መትቶ በሃዶከን ማስከተል የሪዩ መታወቂያ ነው፤ ችግሩ ተጋጣሚህም ያውቀዋል። ኪኩ ብሎክ ከተደረገ በኋላ ኳሱ እስኪመጣ ክፍተት አለ፤ በዚያ ክፍተት ኢምፓክት ሲገባ አንተ መመለሻ ላይ ነህ። ላይት ካስከተልክ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሄቪ ካስከተልክ ይጠባል። ስለዚህ ማስከተሉን ሁልጊዜ አታድርገው፤ ሦስት ጊዜ ኪኩን ብቻ መትተህ ቁም፣ በአራተኛው አስከትል። ኪኩን ብቻ መትተህ በቆምክበት ጊዜ ኢምፓክት ከመጣ፣ በራስህ ኢምፓክት ለመመለስ ጊዜ አለህ።

ፓሪ የሚያበዛብህ ሰው

አንተ ባትጠቅሰውም ከጎልድ ቀጥሎ የሚገጥምህ ግድግዳ ይህ ነው። ሚዲየም ፓንችና ሚዲየም ኪክን አብሮ ይዞ የቆመ ሰው ሃዶከንህን ይቀበለዋል፤ ጌጁም ይሞላለታል። በሌላ አነጋገር ከሩቅ ስትለቅ እየመገብከው ነው። ከፓሪው ቀጥታ በድራይቭ ረሽ (በፈጣን የወደፊት ሩጫ) ወደ አንተ መግባትም ይችላል፤ ለዚያ የሚከፍለው አንድ ክፍል ብቻ ነው።

የፓሪ ድክመት መያዝ ነው። በፓሪ ላይ እያለ ይዘህ ከጣልከው ጉዳቱ ከተለመደው 1200 ወደ 2040 ያድጋል። ግን እንዴት ትደርስበታለህ? ላይት ሃዶከን ልቀቅና ተመልሰህ እንደጨረስክ ራስህ ድራይቭ ረሽ አድርገህ ከኳሱ ኋላ ግባ። ኳሱ ሲነካው አንተ ደርሰሃል። ፓሪውን ይዞ ከቆየ ትይዘዋለህ፤ ፍርሃት ገብቶት ከለቀቀና ምትህን ብሎክ ካደረገ ድራይቭ ረሽ ለምትህ 4 ፍሬም ስለሚጨምርለት ቀጥሎ አንተ ትቀድመዋለህ። ይህን በጨዋታ ሁለት ጊዜ ካሳየኸው ፓሪውን መያዝ ይተዋል፤ ከዚያ ኳሶችህ እንደገና ዋጋ ያወጣሉ። ፍጹም ፓሪ የምትባለው ደግሞ ሁለት ፍሬም ብቻ ናት፤ በአንድ ፍጥነት ብቻ ለሚለቅ ሰው እንጂ ለሚለዋውጥ ሰው በተከታታይ አትገኝም።

ተጋጣሚህ ጌጁን ጨርሶ በርንአውት ከገባ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ፓሪ የለውም፣ ኢምፓክት የለውም፣ ኦቨርድራይቭ የለውም፤ ሲከላከል እንኳ ደም ይቀንሳል፤ ከብሎክ ለመላቀቅም 4 ፍሬም ይጨምርበታል። የቀረው መውጫ ዝላይ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተደስቶ ሃዶከን ያዘንባል፤ ከዚያ በአንድ ዝላይ ኮምቦ ይበላል። ተቃራኒውን አድርግ፦ አንድ ላይት ልቀቅ፣ ተከትለህ ግባ፣ ዝላዩን ጠብቅ። ሌላ መሄጃ ስለሌለው ይዘላል።

የተጣለ ሰው ላይ የሚደርስ ኳስ

ከሁሉ ይልቅ ልታጠናው የሚገባህ ይህ ይመስለኛል፤ የሃዶከን ባሕርይ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው።

ምት ብሎክ ሲደረግ ማን ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው ምቱ በነካበት ቅጽበት አንተ ስንት ፍሬም መመለሻ እንደቀረህ ነው። ኳስ ከእጅህ ተለይቶ ስለሚሄድ በዘገየ ቁጥር አንተ እየተመለስክ ነው። ለምሳሌ አፍንጫው ሥር ተለቆ ብሎክ ሲደረግ ተጋጣሚህን በ5 ፍሬም የሚያስቀድመው ሃዶከን፣ 5 ፍሬም ተጉዞ ከነካ እኩል ያደርጋችኋል፤ 9 ፍሬም ተጉዞ ከነካ አንተ በ4 ትቀድማለህ። እያንዳንዱ የጉዞ ፍሬም ለአንተ የተጨመረ ፍሬም ነው። ለዚህ ነው ላይቱ የሚመረጠው።

በቁጢጥ ሄቪ ኪክ ጠልፈህ ከጣልከው በኋላ አትቅረብ። ትንሽ ወደ ኋላ ብለህ፣ ሲነሳ ኳሱ እላዩ ላይ እንዲሆን ላይት ሃዶከን ልቀቅ። ብሎክ ካደረገ አንተ ቀድመህ ትገባለህ። ሲነሳ ሾርዩከን የመሰለ ነገር ቢለቅ አንተ ሩቅ ስለሆንክ አይነካህም፤ ሲወርድ ትቀጣዋለህ። ያለው ችግር ተጋጣሚህ ሲነሳ ወደ ኋላ ተንከባልሎ መነሳት መቻሉ ነው፤ ያኔ ኳሱ ዘግይቶ ይደርሳል፣ እሱም ለመዝለል ጊዜ ያገኛል። በመካከለኛ ስክሪን ይህ ስለሚያደናግር መጀመሪያ ጥግ ላይ ተለማመደው፤ ከጥግ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ የለም።

ልምምዱ እንዲህ ነው፦ ማሰልጠኛው ሲነሳ ላይት ፓንች እንዲመታ አስተካክለው። ጠልፈህ ጣል፣ ኳሱን ልቀቅ። ፓንቹ ወጥቶ ካየህ ዘግይተሃል ወይም ርቀሃል። ኳሱ በተኛው ገላ ላይ አልፎ ከሄደ ቸኩለሃል። ፓንቹ ሳይወጣ ከተመታ ልክ ነህ። ከዚያ መነሻውን በዘፈቀደ፣ አንዴ በቦታው አንዴ ወደ ኋላ፣ እንዲቀያይር አድርገውና ሁለቱንም የሚያስተናግድ ርቀት ፈልግ። ሃያ ሙከራ ውስጥ አሥራ አምስቱ ሲሳካ ወደ ጨዋታ ይዘኸው ግባ።

ዴንጂን

ታች፣ ታች፣ ፓንች ስትል ሪዩ ኤሌክትሪክ ያከማቻል፤ ቀጣዩ ሃዶከን ወይም ሃሾጌኪ (በመዳፉ ከቅርብ የሚመታው) ይህን ክምችት ተጠቅሞ ይጠናከራል። ሱፐር አንድና ሁለትም እንዲሁ። የዴንጂን ሃዶከን ሁለት ምት ስላለው የተጋጣሚን ነጠላ ኳስ ሰብሮ ያልፋል፤ ብሎክ ሲደረግም ከተራው እጅግ የተሻለ ነው። ማከማቸቱ ግን ጊዜ ይበላል፤ ሜዳ መሐል ቆመህ ካደረግከው ስጦታ ነው። ተገቢው ጊዜ ተጋጣሚህ ሩቅ ተጥሎ ሲተኛ ነው።

እዚህ ላይ ምርጫ አለ፤ ጥሎ ማከማቸት ማለት ከላይ የነገርኩህን የመነሻ ኳስ መተው ማለት ነው። የኔ ግምገማ ይህ ነው፦ ጥግ ላይ ከጣልከው ጫናውን ቀጥል፣ መሐል ስክሪን ላይ ሩቅ ከወደቀ አከማች። አንዴ ካከማቸህ በኋላ ደግሞ አትሰስት። ብዙ ሰው «ለጥሩ ጊዜ» ብሎ ይዞት ዙሩ ያልቃል። ክምችቱ በእጅህ እያለ ተጋጣሚህ ኳስ ለመወራወር ስለሚፈራ ለአሥር ሰከንድ ያህል ይዞ መራመድ ጥቅም አለው፤ ከዚያ በላይ ግን ገንዘብ ትራስ ውስጥ መደበቅ ነው።

ስለ ጥቂት ተጋጣሚዎች

ጋይል ከሁሉ የሚያስቸግርህ ነው። ሶኒክ ቡም ከሃዶከን ቀድሞ ይመለሳል፤ ስለዚህ ኳስ ለኳስ ከተወራወርክ ቀስ በቀስ ትሸነፋለህ፤ ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። ቡሙን ፓሪ እያደረግክ ጌጅህን ሙላ፣ በእያንዳንዱ ፓሪ መካከል ግማሽ እርምጃ ግባ። ቡም ለመልቀቅ ወደ ኋላ ይዞ መቆየት ስላለበት፣ ወደፊት ሲራመድ ካየኸው ለጊዜው ጥይት የለውም፤ ያኔ ነው ሃዶከን የሚለቀቀው። ዴንጂን ካለህ ቡሙ እንደወጣ ስበረው።

ዛንጊፍን በላይት አስጨንቀው፤ ከለቀቅክ በኋላ ግን በእሱ ላይ አትከተል፣ ወደ ኋላ ተራመድ። ከሌሎቹ ጋር የምትፈልገው ቅርበት ከእሱ ጋር መቃብር ነው። አኩማ ከአየር ወደ ታች ሰያፍ ኳስ ይለቃል፤ እሱ ሲዘል አንተ መሬት ላይ ኳስ ከለቀቅክ ሁለት ጊዜ ትሸነፋለህ፤ ከሥሩ በእግር እለፍ። ጄፒ ከእግርህ ሥር የሚያወጣው ሹል ነገር ከሃዶከን ጋር አይጋጭም፤ አንተን ይመታል፣ ኳስህም መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ በእሱ ላይ ከሙሉ ስክሪን መቆየት ትርጉም የለውም፤ ግባ።

ጣትህ ላይ የሚሳሳቱ ነገሮች

ወደፊት እየተራመድክ ሃዶከን ስትፈልግ ሾርዩከን ከወጣብህ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወደፊት፣ ታች፣ ታች-ወደፊት የሾርዩከን ትእዛዝ ነው፤ ጨዋታው እርምጃህን እንደ መጀመሪያው ክፍል ይቆጥረዋል። መድኃኒቱ ከእርምጃው በኋላ አውራ ጣትህን ለቅጽበት ከዲፓዱ ማንሳት፣ ከዚያ ከታች ንጹሕ ሩብ ክብ መጀመር ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሁለተኛ ሃዶከን ፈልገህ ሺንኩ ከወጣብህ፣ ሩብ ክቡን ሁለት ጊዜ በፍጥነት ደርበሃል ማለት ነው፤ ሱፐር ክፍል ሲኖርህ በሁለቱ መካከል ትንሽ ትንፋሽ ስጥ። ከፓንች ይልቅ ኪክ ከነካህ ደግሞ የሚወጣው ያ ከፍ ያለው የእግር ምት ነው፤ ከሩቅ ይህ ስህተት ብዙ ያስከፍላል።

የቁልፍ ታሪክ ማሳያውን ከፍተህ በየቀኑ ከመጫወትህ በፊት አሥር ደቂቃ ስጠው፦ ከግራ በኩል ሃያ፣ ከቀኝ በኩል ሃያ፣ በሦስቱ ፍጥነት እየቀያየርክ፤ ከዚያ እየተራመዱ አሥር አሥር። አንድ ከተበላሸ ከዜሮ ጀምር ማለት ጣትን ያናድዳል እንጂ አያስተምርም፤ የተበላሸውን ትእዛዝ ከማሳያው አንብበህ የትኛው አቅጣጫ እንደጎደለ ለይ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መጨረሻው ነው፤ ፓንቹን ታች-ወደፊት ላይ እያለህ ትነካዋለህ።

ቀጥሎ ማሰልጠኛው ላይ ሦስት ነገር ቅረጽ፦ ወደፊት ዝላይ፣ ኢምፓክት፣ ቆሞ መከላከል። ሦስቱ በዘፈቀደ እንዲመጡ አድርገህ ከድንበርህ አንድ እርምጃ ወጥተህ ላይት ፓንች ማስመሰያውን ምታ። ዝላይ ከመጣ ሾርዩከን፣ ኢምፓክት ከመጣ ኢምፓክት፣ መከላከል ከመጣ ሄቪ ሃዶከን። በመጀመሪያው ቀን ግማሹን ካገኘህ ጥሩ ነው።

በሞደርን ኮንትሮል የሚጫወት ወዳጅ ካለህና ይህን ካነበበ፦ በአንድ ቁልፍ የሚወጣው ሃዶከን ፍጥነቱ አንድ ብቻ ነው፣ ጉዳቱም 20 በመቶ ይቀንሳል። ሩብ ክቡን በእጅ ማድረግ እዚያም ይቻላል፤ ላይትና ሄቪን መምረጥ የሚፈልግ ያንን ይልመድ።

በመጨረሻ ቴሌቪዥንህን ተመልከት። ጌም ሞድ ካልበራ ምስሉ በጥቂት ፍሬም ይዘገያል፤ ከላይ ያሰላናት የ6 ፍሬም ትርፍ እዚያው ታልቃለች። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወት ሰው ደግሞ ከመቀመጡ በፊት ይህን ቢያይ አይጎዳም። ኦንላይን ከሆንክ ከዋይፋይ ይልቅ ኬብል ተጠቀም፤ ከኢትዮጵያ ሆነህ አውሮፓ ወይም ባሕረ ሰላጤው ካለ ሰው ጋር ስትጫወት ፒንጉ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ዝላይ ከመሐል አየር የጀመረ መስሎ ይታይሃል። በዚህ ጊዜ ሾርዩከኑን በግድ ከምታሳድድ በቁጢጥ ሄቪ ፓንች ከአየር አውርደው። አንድ ቁልፍ ስለሆነ ትእዛዙ አይሳሳትብህም፤ ጉዳቱ ያንሳል፣ ግን ዝላዩን ያስቆማል።